የተጠማዘዘው ገመድ

ሻምበል ሞላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና እንዳይጠቀለልበት አንዱን ጫፍ በሻይ ብርጭቆ፣ ሌላውን በቁልፎቹ ያዘው። ከሪማ ቀርባ ማየት አላስፈለጋትም። ገና ከበሩ ስትገባ የራሷ የእጅ ሥራ መሆኑን አውቃዋለች።

ከጎኗ አባቷ ሐጂ በሺር ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ሰኞ ገበያ ላይ ስማቸው ሲጠራ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ የሚልላቸው የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እንዲህ ያለ የጸጥታ ቢሮ ውስጥ ተጠርተው ሲገቡ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በመኪና ሲወርዱ መንገዱን ሙሉ ዝም ብለው ቆይተው፣ ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ብቻ አፋቸውን ከፈቱ።

"አላውቀውም ትያለሽ። ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤት ተሰርቆ ይሆናል ትያለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለኔ ተይው።"

"እሺ አባዬ" አለች። ሌላ ምን ትበል? ቀኝ እጇ ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት የታጨችበት የወርቅ አምባር አለ። ያጫት የአባቷ ወዳጅ የእህል ነጋዴው ልጅ ነው፤ አንድም ቀን አነጋግራው አታውቅም።

"ሐጂ፣ እርስዎን ያደከምኩት ልጅቷን ብቻዋን ማስጠራት ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው" አለ ሻምበሉ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ከሪማን ያስፈራት ይኸው ልስላሴው ነው። "ነገሩ አጭር ነው። ይህ ሥዕል ትናንት ኬላው ላይ ከአንድ መምህር ቦርሳ ተገኘ። ባለ ካሬ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለው እዚህ አካባቢ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የዲዛይን ክፍል በቀር የትም የለም። እዚያ ደግሞ የምትሥሉት ሁለት ሴቶች ናችሁ። ጓደኛሽን ሥርጉትን ጠየቅናት፤ አለቀሰች እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም።"

ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

"ላይ ተራራ፣ ጉም የዋጠው ከተማ። ታች ወንዝ ያለው ቆላ ከተማ። ሁለቱን የሚያገናኝ ጥምዝምዝ መስመር። መስመሩ ላይ፣ አንዱ መታጠፊያ ጋ፣ ሁለት ነገር ቆሟል፤ ከአንዱ ነጠብጣብ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ሳየው ይህ የደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ነው። የጦር መኪና የሚያልፍበት መንገድ። ነጠብጣቡም የሚጣል ነገር ነው። ቦምብ በይው። ሰውየው ልቦለድ ነው ይላል። የሚያሳምነኝ ካላገኘሁ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እሱም ወረቀቱም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። እዚያ የሄደ መቼ እንደሚመለስ እኔም አላውቅም።"

ከሪማ ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችው።

አንባቢዬ፣ ወረቀቱን ከሻምበሉ እጅ ለአፍታ ተቀብለን እኛም እንየው። ላይ ያለችው ከተማ ደመና ትባላለች፤ ታች ያለችው ሐሩር። ሁለቱም በዚህ ዓለም የሉም። መምህር ሀምዱ ከራሱ ጭንቅላት የፈጠራቸው ናቸው። በእነዚህ ከተሞች መካከል መንገድ የለም። ያለው በትልቅ መዘውር ላይ የተጠመጠመ አንድ ረዥም ገመድና በሁለቱ ጫፎቹ የተንጠለጠሉ ሁለት ቅርጫቶች ናቸው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። የደመናዋ ባለጸጋ ልጅና የሐሩሩ ድሃ ልጅ ይዋደዳሉ፤ ግን እሷ ስትወርድ እሱ ይወጣል፣ እሱ ሲወርድ እሷ ትወጣለች። መሃል ላይ ዓይን ለዓይን ተያይተው ይተላለፋሉ፤ በቃ።

ሀምዱ ይህን ሦስት ሙሉ ገጽ ጽፎበት ነበር፤ ያነበበው ሁሉ ራሱን ያዞረዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ ጎረቤቱ የሆነችው ሥርጉት ረቂቁን ፋብሪካ ድረስ ይዛ መጥታ "ኸረ በእናትሽ፣ ይሄ ቅርጫት ሲወርድ ያኛውን ማን ይጎትተዋል?" ብላ ለከሪማ ሰጠቻት። ከሪማ በምሳ ሰዓት ከባለ ካሬው ወረቀት አንዱን ወስዳ መዘውሩን፣ ገመዱንና ቅርጫቶቹን ሣለች። ከሥሩም "የከበደው ይወርዳል፣ የቀለለው ይወጣል" ብላ አብራራች። ሀምዱ ሥዕሉን ሲያይ ሦስቱን ገጽ ቀደዳቸው።

ከዚያ ወዲያ እሱ ይጽፋል፣ እሷ ትሥላለች። የደመና ሰዎች ከጉም ውሃ የሚያጠራቅሙበትን ጣሪያ እንደተሰነጠቀ አድርጋ ሣለችና ውስጡን አሳየች። የሐሩርን ገበያ ከነመተላለፊያው ሣለች። አንባቢ ሊገባው አይችልም የተባለውን ሁሉ በመስመርና በቀስት ግልጽ አደረገችው። በየሥዕሉ ሥር ማብራሪያ መጻፍ ግን አንድም ቀን ረስታ አታውቅም፤ ከአንዱ በቀር።

እነሱስ? የነሱ ነገር ከልቦለዱ ብዙ አይርቅም። እሷ ደሴ ትኖራለች፣ ኮምቦልቻ ትሠራለች። እሱ ኮምቦልቻ ይኖራል፣ ደሴ ያስተምራል። ጠዋት እሷ በፋብሪካው ሰርቪስ ስትወርድ እሱ በአውቶብስ ይወጣል። ሁለቱም በግራ በኩል መስኮት ሥር ይቀመጡና አንዲት መታጠፊያ ላይ ይተያያሉ። አፍ ለአፍ የተነጋገሩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የተበላሸ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተሳፋሪ ሁሉ በወረደበት በአንድ የክረምት ጠዋት።

የሀምዱ አባት ሰይድ ሸማኔ ናቸው። ሰኞ ሰኞ የሠሩትን ይዘው ደሴ ይወጣሉ፣ ለሐጂ በሺር ያስረክባሉ። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዋጋውን አያጓድሉም። ግን ሌላው ደንበኛ ውስጥ ገብቶ ወንበር ሲሳብለት ሰይድ የሱቁ በር ደፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሸማኔ ናቸዋ! ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሰይድም ጠይቀው አያውቁም።

የከሪማን መታጨት ሀምዱ የሰማው ከአባቱ አፍ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከሪማ በመስኮቷ ስታይ በሀምዱ ቦታ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። በሳልስቱም እንዲሁ። እሱ ወደ ቀኝ በኩል ተዛውሯል። ሳትጠየቅ የታጨች ልጅ ናት፣ ይህንንስ ለሀምዱ ማን ይንገርላት? በንዴትም በናፍቆትም የመጨረሻውን ሥዕል ሣለችና ማብራሪያ ሳትጽፍበት በሥርጉት እጅ ላከችለት። ይገባዋል ብላ ነበር። ለሚወድሽ ሰው ሁሉን ነገር መተርጎም ያስፈልጋል እንዴ?

ያስፈልጋል፤ ወደ ሻምበሉ ቢሮ ስንመለስ እናየዋለን።

በሩ ተከፈተና ሀምዱን አስገቡት። ሸሚዙ ተጨማድዷል፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያላየ ነው። መጀመሪያ ያየው ሐጂን ነው።

"አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።"

"ወአለይኩም ሰላም" አሉ ሐጂ፣ ወለሉን እያዩ።

ከዚያ ከሪማን አየ። ከአውቶብስ መስኮት ውጭ፣ በዚህ ቅርበት ካየችው ወዲህ ክረምቱ አልፎ በጋ ገብቷል። ደስ አላት፤ በዚህ ሰዓት ደስ መሰኘቷ ራሱ አሳፈራት።

"ጓድ መምህር" አለ ሻምበሉ፣ "ትናንት ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ ብለኸኝ ነበር። እርሳስ ሰጥቼህ እስቲ ቅርጫት ሣል ብልህ ዱባ የመሰለ ነገር ሣልክልኝ። እሺ፣ ማን እንደሣለው አልነግርም ብለሃል። ፍቺውን ግን ንገረኝ። እዚህ ጋ የሆነው ምንድን ነው?"

ሀምዱ ወረቀቱን አየና ፊቱ ጠወለገ።

"መጨረሻው ነው ጓድ ሻምበል። ቅርጫቶቹ መሃል ላይ ቆመዋል። ከዚህ ወዲያ መውጣትም መውረድም የለም። ልጅቷ በቃ ብላለች።" ጣቱን ወደ ነጠብጣቡ ዘረጋ። "ነጠብጣቡ እንባዋ ነው። መሰናበቻ ነው።"

"ምን?" አመለጣት ከሪማን።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሻምበሉ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

"አንቺስ? ሥዕሉን ታውቂዋለሽ?"

የአባቷ ምርኩዝ ወለሉን ሲጫን ይሰማታል። አንድ ቃል ናት፤ አላውቀውም። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቶ ወደ ደሴ፣ ወደ ቤት፣ ወደ ሠርግ። ቀና ብላ ሀምዱን አየችው። እሱም ሻምበሉ እንዳያየው አድርጎ ራሱን ነቀነቀላት። አላውቀውም በይ ይላታል። አባቷም አላውቀውም በይ ይላሉ። በእድሜ ልካቸው ተቀራርበው የማያውቁ ሁለት ወንዶች እሷን ዝም በማሰኘት ተስማሙ! ቁጣዋ ከፍርሃቷ በለጠ።

"የሣልኩት እኔ ነኝ።"

"ከሪማ!" አሉ ሐጂ።

"አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የሣልኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።" ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። "ይሄ ቦምብ አይደለም ሻምበል። እንባም አይደለም። ጌጥ ነው።"

"ጌጥ?"

"ልጅቷ የባለጸጋ ልጅ ናት። አንገቷ ላይ፣ እጇ ላይ፣ እግሯ ላይ ወርቅ አለባት። ስለዚህ ትከብዳለች፤ የከበደው ይወርዳል። እሱ ባዶ እጁን ነው፤ የቀለለው ይወጣል። ሲመለስ ብቻ ጭነት ስለሚይዝ ይወርዳል፣ እሷን ያወጣል። ሁልጊዜ መሃል ላይ የሚተላለፉት በዚህ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ ጌጧን አንድ ባንድ እየፈታች መጣል ትጀምራለች። እነዚህ ነጠብጣቦች እነሱ ናቸው። ስትጥል ትቀልላለች፤ ስትቀልል ክብደቷ ከእሱ ጋር እኩል ይሆናል። ክብደታቸው እኩል ሲሆን ቅርጫቶቹ ይቆማሉ።" ሁለቱን ቅርጫቶች በጣቷ ነካች። "ጎን ለጎን። አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ።"

ከዚያ ወደ ሀምዱ ዞረች። እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

"በቃ ማለቴ መሰለህ? ይህን ያህል ሥዬልህ፣ በቃ ማለቴ መሰለህ?"

የሀምዱ ዓይኖች ወረቀቱ ላይ እንደገና ሲሄዱ፣ ነጠብጣቦቹን አንድ ባንድ ሲከተሉ፣ ቅርጫቶቹ ጋ ሲደርሱ አየች። ይህን ጊዜ ገባው። ሳምንቱን ሙሉ መሰናበቻ ነው ብሎ በቦርሳው የተሸከመው ወረቀት ና የሚል ጥሪ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሻምበል ሞላ ግን በእንባ የሚረታ ሰው አይደለም።

"ታሪኩ ደስ ይላል" አለ። "አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እኔ ወታደር ነኝ፤ ገመድ አውቃለሁ። ሁለት ክብደት የተንጠለጠለበት ገመድ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጠረው። ይሄ ለምን ይጠማዘዛል?"

ከሪማ አየችው። ሀምዱም ተጎንብሶ አየው። ሁለቱም እስከዚች ደቂቃ ድረስ አላዩትም ነበር!

በመጀመሪያው ሥዕል ገመዱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ትንሽ ጎበጥ አለ። በዚህ በመጨረሻው ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ተራራውን እየተጠመጠመ ይወርዳል። እጇ ስቷል፤ የእሱም ዓይን ስህተቱን አላወቀውም። ለሁለቱም እንዲያ መሆኑ ልክ መስሎ ታይቷቸዋል።

"ይህ ገመድ አይደለም" አለ ሻምበሉ። ልስላሴው ከድምፁ ጠፋ። "መንገዱ ነው። መታጠፊያዎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፣ በየቀኑ የምመላለስበት ነው። ልቦለድ ውስጥ እውነተኛ መንገድ ምን ይሠራል?"

መካድ ይቻል ነበር። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው፣ ወረቀቱ ተጨማድዶ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን የቀረላት አንድ እውነት ብቻ እንደሆነ፣ እሱም አባቷ ፊት ሊነገር የማይገባው እንደሆነ ገባት።

"መንገዱ ነው" አለች።

"ያ ረቢ" አሉ ሐጂ በሹክሹክታ።

"ወላሂ ሻምበል፣ ገመድ ልሥል ብዬ ነው የጀመርኩት። እጄ መንገዱን ሣለ። ጠዋት ጠዋት እኔ እወርዳለሁ፣ እሱ ይወጣል። ቅርጫቶቹ የቆሙባት መታጠፊያ እኛ የምንተያይባት ናት። ሌላ የትም አንገናኝም። ሌላ ያለን ነገር የለም።" ወደ አባቷ ዞረች፤ ዓይናቸውን ግን ማየት አልቻለችም። "አባዬ፣ ያሳፈርኩዎት እንደሆነ አላህ ይቅር ይበለኝ። እወደዋለሁ። አላውቀውም ብል እሱን ነው የምገድለው፤ ራሴንም ነው።"

ሻምበሉ እሷን ትቶ ሀምዱን በድንገት ጠየቀው።

"አውቶብስ ላይ በየት በኩል ነው የምትቀመጠው?"

"በግራ። መስኮቱ ሥር" አለ ሀምዱ ሳያስብ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። "ካለፈው ሳምንት ወዲህ በቀኝ።"

"አይቻለሁ" አለች ከሪማ። ከነገሩ ሁሉ ይህ አመማት።

ሻምበሉ ብርጭቆውንም ቁልፎቹንም አነሳ፤ ወረቀቱ ራሱ ተጠቀለለ።

"እኔ አምኛችኋለሁ። ግን አምኛለሁ ብዬ ብጽፍ በላይ ያሉት አይሰሙኝም። ዋስ ያስፈልጋል። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ክፉ አይወጣውም ብሎ የሚፈርም የታወቀ ሰው። ማን አለህ?"

"አባቴ" አለ ሀምዱ።

"አባትህ ሸማኔ ነው አይደል? የሸማኔ ዋስትና አይበቃኝም።"

ይህን የተናገረው ስለ ሠርቶ አደሩ ክብር የሚያወራ መፈክር ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ነው። ማንም አልሳቀም። ሻምበሉ ሐጂን አላያቸውም፤ ሆን ብሎ ነው ያላያቸው። ከሪማም አላየቻቸውም። ከዚህ በላይ መለመኛ ቃል አልነበራትም።

ሐጂ በሺር ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ሀምዱን አዩት።

"የሰይድ ልጅ ነህ።"

"አዎ ሐጂ።"

"አባትህ ሱቄ ሲመጣ የት እንደሚቆም ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ደፉ ላይ ነው።"

"ደፉ ላይ" አሉ ሐጂ። "የልጄን መታጨት እዚያው እንደቆመ ነገርኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነበር የማወራው። እሱም ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላት። አላህ ያሳምርላት፣ በልጅ በሀብት ይባርካት ብሎ መርቆ ሄደ።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ያን ቀን ያንተን ነገር ያውቅ ነበር?"

ሀምዱ ሐጂን ቀና ብሎ አያቸው።

"ያውቅ ነበር ሐጂ። ሁሉንም ነግሬው ነበር።"

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የልጁ ልብ እንደሚሰበር እያወቀ የሌላውን ልጅ የመረቀ ሰው፣ ያውም ቆሞ። ከሪማ አባቷ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ሕመም አይታ አታውቅም። ሮጣ ልታቅፋቸው ፈለገች፤ አልደፈረችም።

"የት ነው የምፈርመው?" አሉ።

ፈረሙ። ብዕሩን ሲያስቀምጡ ማንንም ሳያዩ "ይህ ለዋስትና ነው። ስለ ሌላው ነገር የተናገርኩት የለም" አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ፤ ከሪማና የተፈታው ሀምዱም ተከተሏቸው።

ውጭ የኮምቦልቻ ፀሐይ አናት ትበሳለች። ሐጂ መኪናው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሀምዱ።"

"አቤት ሐጂ።"

"አባትህን ሰላም በልልኝ። የፊታችን ሰኞ ሲመጣ ደፉ ላይ እንዳይቆም። ውስጥ ይግባ፣ ይቀመጥ።"

"እሺ ሐጂ" አለ ሀምዱ። ከሪማ በአጠገቡ ስታልፍ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አላት በከንፈሩ ብቻ። እሷም አየችው። ይህን ጊዜ በመካከላቸው መስታወት አልነበረም።

መኪናው ተነሣ። ከሪማ ከአባቷ ጎን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እጇን ነጠላዋ ሥር ደብቃለች። አምባሩ ከበዳት። ልታወልቀው ትፈልጋለች፣ አባቷ የሰጡትን ቃል በራሷ እጅ ማፍረስ ደግሞ ትፈራለች። ሐጂ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነው፤ ምን እንደሚያስቡ ፊታቸው አይናገርም። ቆላው ወደ ኋላ ቀረ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ፣ መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ። አንዱን መታጠፊያ አለፉ፣ ሌላውንም አለፉ።

"ይህች ናት?" አሉ ሐጂ ሳይዞሩ።

ከሪማ ቀና ብላ አየች። እሷው ነበረች።

"አዎ አባዬ። ይህች ናት።"

"ቀስ በል እስቲ" አሉት ሾፌሩን።

መኪናው ቀስ አለ። ሐጂ መታጠፊያዋን፣ ዳሩን፣ ታች የሚታየውን ሸለቆ ሁሉ አንድ ባንድ አዩ፤ ልጃቸው በየጠዋቱ የምታየውን። ከዚያ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ፤ መዳፋቸው ወደ ላይ ተከፍቶ ይጠብቃል።

ከሪማ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እንባዋ ቀደማት። አምባሩን ከእጇ አወጣችና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።